ክፍል 7 የት ገባ?

መራዊ ከተማ ውስጥ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ከመኪናው ጠርዝ ላይ፣ ከክሩና ከመቀሱ መኻል፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ትረካ ያዳምጣል። የሚያዳምጠው ግን ብቻውን አይደለም። ቀሚስ ለማሳጠር የመጣችው፣ ዚፕ ለማስቀየር የቆመው፣ ከገበያ ሲመለስ ጥላ ፍለጋ የተጠጋው ሁሉ አብሮት ያዳምጣል። እኔም ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ፣ ከአድማጮቹ እንደ አንዱ ሆኜ ተቀመጥሁ።

የኢትዮጵያ ሬዲዮን ያዳመጠ ሰው ድምፁን አይስተውም፤ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። የሚተርከውም ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ታሪኩ የሚነሣባት ማንኩሳ ቡሬን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሳይደረስ የምትገኝ ናትና፣ እዚህ በረንዳ ላይ መጽሐፉ እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የሚደመጠው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ሲጠሩ አድማጩ የሚያውቃቸው ሰዎች የተነሡበት ያህል ፈገግ ይላል።

ወጋየሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ጀመረና ሳይጨርሰው ጠፋ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ያው ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ ነገር ግን ሕፃኑ በዛብህ ድንገት አድጎ ትምህርት ላይ ነው።

«ምን ነካው?» አልሁ።

«ክፍል 7 የለም፣ ጋሼ» አለኝ ልብስ ሰፊው፣ ዐይኑን ከመርፌው ሳያነሣ። «ከ6 ወደ 8 ነው የሚሻገረው። ሚሞሪ ሲጭኑልኝም አልነበረም። እነሱም ከኢንተርኔት ሲያወርዱ አላገኙትም።»

ለካስ በጠፋው ክፍል ውስጥ የነበረው ስእለቱ ኖሯል። ልጁ ካደገ ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ የተሳሉት ስእለት! መጽሐፉን ያነበበ እንደሚያውቀው፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መከራ አንዱ ሥሩ ያ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትምክህት ብቻ አይደለም ፍቅራቸውን የሚያንቀው። ስእለቱን ያልሰማ አድማጭ ኋላ በዛብህ በራሱ ላይ ሲጨነቅ ቢያይ፣ ጭንቀቱ የሚገባው በግማሽ ነው።

ለመሆኑ ይህን ታሪክ እዚህ ላይ የቆረጠው ማነው? ሐዲስ አይደሉም። ወጋየሁም አይደለም። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

«ዩቲዩብ» የተባለው የቪዲዮ ማጋሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር፣ መጀመሪያ የተጫነበት ቪዲዮ ርዝመቱ 19 ሰከንድ ነበር፤ አንድ ወጣት ከዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ርዝመት ሁለት ቃል ይናገርና ያበቃል። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2006፣ ማንም ተራ ተጠቃሚ ከ10 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ እንዳይጭን ተከለከለ። ክብደቱም ከ100 ሜጋባይት እንዳያልፍ ነበር። ለገደቡ የተሰጠው ምክንያት ከኪነ ጥበብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለውም፤ ከ10 ደቂቃ የሚረዝሙት አብዛኞቹ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተገለበጡ የቴሌቪዥን ዝግጅቶችና ፊልሞች ስለነበሩ ነው። ማለትም ገደቡ የተበጀው ለሌባ ነው። ሌባው ግን ምን ቸገረው? ፊልሙን አሥር ቦታ ቆራርጦ «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» እያለ ጫነው። በዚህ መኻል ሌባ ያልሆነውም፣ አባቱ ከሬዲዮ በካሴት የቀዱትን ትረካ ለስደት ጓደኞቹ ላካፍል ያለው ሁሉ፣ ያንኑ ቢላዋ ለመያዝ ተገደደ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 ገደቡ ወደ 15 ደቂቃ ከፍ አለ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ ደንብ ላላፈረሱ ሰዎች ተነሣላቸው። ዛሬ በስልክ ቁጥሩ ማንነቱን ያረጋገጠ ሰው እስከ 12 ሰዓት፣ ወይም እስከ 256 ጊጋባይት የሚደርስ ቪዲዮ መጫን ይችላል። ገደቡ ተነሣ እንጂ የተቆረጠው ግን አልተሰፋም። በነዚያ ዓመታት የተቆራረጠው ሁሉ እንደ ተቆራረጠ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ሚሞሪ፣ ከሚሞሪ ወደ መራዊ ወረደ።

አንድ ሥራ ሙሉውን ሲጠፋ ሰው መጥፋቱን ያውቃል፤ ይፈልገዋል። አሥር ቦታ ከተቆረጠ በኋላ አንዱ ቁራጭ ሲጠፋ ግን ዘጠኙ ያለ ይመስላል። ማንም አይፈልገውም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» 150 ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ ደንብ ቢሰላ 15 ቁራጭ ነው። የፊልሙ ነገር ደግሞ በዝግታው ውስጥ ነው፤ ገበሬው ሲያርስ፣ ፀሐይዋ ስትዞር፣ ተመልካቹ ድካሙን በገዛ ወገቡ እስኪሰማው ድረስ። በየ10 ደቂቃው ተነሥቶ «ቀጣዩን» የሚፈልግ ተመልካች ይህን ድካም ከቶ አያገኘውም።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያ ጥበብን ሲገድብ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን ሀገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ ሲያስቀዱ፣ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ግድም ነበር። ኋላ የመጣውም ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በእያንዳንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ብቻ ነበረው። ልዩነቱ ምንድነው ቢሉ፣ ያኔ ልኩን ዘፋኙ አስቀድሞ ያውቀዋል። የት እንደሚጀምር፣ የቱን አዝማች እንደሚደግም፣ በየትኛው ስንኝ እንደሚያሳርፍ በልኩ ያሰናዳል። ወጋየሁም እንዲሁ። የሬዲዮው ሰዓት ውሱን ነበር፤ ነገር ግን የዕለቱ ትረካ የሚያበቃው ወሬው ከሚያርፍበት፣ ወይም አድማጩ እስከ ሚቀጥለው ዝግጅት ልቡ እንዲንጠለጠል ከተፈለገበት ቦታ ነው። ቆራጩ ጆሮ ነበረው። የ10 ደቂቃው ቢላዋ ጆሮ የለውም፤ ቃሉን ከመኻሉ፣ ትንፋሹን ከጉሮሮው ላይ ይቆርጠዋል።

«ታዲያ አጭር ሁሉ ክፉ ነው ልትለን ነው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር ሊታዘንለት ይገባል። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ 3፤ መወድስ 8። ባለቅኔው በጉባኤ ቃናው ላይ ሦስተኛ ቤት ልጨምር ቢል ጉባኤ ቃናነቱ ይቀራል። ከዚህ የጠበቀ ገደብ የትኛው ኩባንያ አውጥቶ ያውቃል? ግን ተቀኚው ሰሙን ሲያስቀምጥ ወርቁ የሚወድቅበትን ስፍራ አስቀድሞ እያየ ነው፤ ሰሚውም ልኩን ስለሚያውቅ የመጨረሻውን ቃል ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል። ሲወድቅለት «ይበል!» ይላል። በዛብህ ራሱ የዚህ ትምህርት ልጅ ነው። እዚህ ገደቡ የቅኔው አጥንት ነው፤ ከውጭ የመጣ አጥር አይደለም።

ከውጭ የሚመጣው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። አንድ የቡሬ ሠርግ ላይ ነበርሁ። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ዳሱን ሲዞር ቆየና አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቆመ። ሽማግሌው ወዲያው ግጥም አልሰጡትም። መጀመሪያ ተጫወቱበት፤ ጠላቸውን ጎንጨት አሉ፤ ከጎናቸው ያሉትን አማቻቸውን በነገር ወጋ አደረጉ፤ አማቻቸውም መለሱ። ዳሱ ቀስ በቀስ ወደነሱ ዞረ። «ተቀበል!» ያሉት ሁሉም ሰው ዝም ካለ በኋላ ነው። ስንኟ ስትወጣ ድንኳኑ ሊነቀል ደረሰ።

ከሳምንት በኋላ ይችኑ ስንኝ በቲክቶክ አየኋት። 40 ሰከንድ አትሞላም። አዝማሪው ይዘፍናል፤ ሕዝቡ ይስቃል፤ አለቀ። ሽማግሌው የሉም። አማቹ የሉም። «ተቀበል» የሚለው ቃል ራሱ ተቆርጧል። ቪዲዮውን ያየ ሰው ስንኟን የፈጠራት አዝማሪው ነው ብሎ ያስባል፤ ሳቁንም ዝም ብሎ የፈነዳ ሳቅ ያደርገዋል። እዚህ ቦታ የጠፋው የሰጪው ድርሻ ነው፤ ሕዝብ በገዛ ዘፈኑ ውስጥ ያለው እጅ።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ቪዲዮውን የቀረጸው ልጅ ያጠፋው ነገር የለም። ቲክቶክ ሲለመድ 15 ሰከንድ፣ ቀጥሎም 60 ሰከንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ወደ 3 ደቂቃ፣ በፌብሩዋሪ 2022 ወደ 10 ደቂቃ አደገ። ልጁ ዛሬ ሽማግሌውንም አማቹንም ጨምሮ መጫን ይችል ነበር። አልጫነም። ገደቡ ከደንቡ ቢነሣም ከእጁ አልተነሣም፤ ከእኛም ዐይን አልተነሣም። ጉዱ ካሳንም እንዲሁ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ያ በፊታውራሪ ቤት መኻል ቆሞ፣ የሚሰሙት ሁሉ እንደ እብድ እየቆጠሩት የሚናገረው ሰው፣ የሐዘን ዜማ ተደርቦለት፣ ለአንድ ደቂቃ ምክር የሚለግስ ሰባኪ ሆኗል! ጉዱ ካሳ የሚያሥቀውም የሚያስለቅሰውም ማን ፊት እንደሚናገር ስለምናውቅ ነው። ቤቱን ነጥቀው ንግግሩን ብቻ ሲያስቀሩት ጉድነቱ ቀረ፤ ካሳ ብቻውን ቆመ።

ረጅሙስ? ረጅሙ ደግሞ የባሰ ጉድ አለበት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ዩቲዩብ በቪዲዮ መኻል ማስታወቂያ የሚገባበትን ዝቅተኛ ርዝመት ከ10 ወደ 8 ደቂቃ አወረደው። ከዚህ ወዲህ የአማርኛ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ወሬ ለምን ስምንት ደቂቃ እንደሚጎተት ምሥጢሩ ይገለጥለታል። ሰላምታው፣ «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለው ልመና፣ «ወደ ዋናው ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት» የሚለው ማዘግያ፤ ይህ ሁሉ የቃላት ድሪቶ የሚለካው በማስታወቂያ ክንድ ነው። በ2006 ጣራ ነበር የተሠራብን፤ አሁን ወለል ተሠራልን። ስንኙን ለማሳጠርም ወሬውን ለማርዘምም መለኪያውን የያዘው ሌላ ሰው ነው። በበኩሌ ከሁለቱ የትኛው ይብስ ብባል፣ ማርዘሙ ይብሳል እላለሁ። የተቆረጠ ነገር ቢያንስ ጎዶሎነቱ ይታወቃል።

መራዊ ላይ ግን ከነዚህ ሁሉ የሚቀድም ገደብ አለ፤ የሚሞሪው ስፋትና የፓኬጁ ዋጋ። የአንድ ሰዓት ትረካ በደኅና ጥራት ወደ 58 ሜጋባይት ነው፤ የአንድ ሰዓት ፊልም ግን በደኅና ጥራት ሲሆን የዚህን ብዙ እጥፍ ይመዝናል። ትረካ በገጠሩ ስልክ ሁሉ የሠለጠነው ሕዝቡ ከፊልም ይልቅ ድምፅ ስለሚወድ ብቻ አይደለም፤ ቀላል ስለሆነም ነው። የፊልም ምስል ተጨምቆ ሲያንስ የተዋናዩ ፊት እንደ ገንፎ ይቦካል። የወጋየሁ ድምፅ ግን የቱንም ያህል ቢጨምቁት ወጋየሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ የዩቲዩብ 12 ሰዓትም፣ የቲክቶክ 10 ደቂቃም እኩል ዜሮ ሆኑ። የቀረው በሚሞሪ የነበረው፣ በብሉቱዝና በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ነው። ከነጎዶሎው።

ወደ በረንዳው ልመለስ። መኪናው ገና አልሞላም። ልብስ ሰፊው ክፍል 8ን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አቆመውና እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣ።

«ይኸን አዲስ የመጡት አልሰሙትም» አለ፣ ወደ አንዲት ነጠላ የምታስጠልፍ ልጅ እያየ። ከዚያም ክፍል 7ን በቃሉ ይተርክላት ጀመር። የወጋየሁን ድምፅ ለመምሰል አልሞከረም፤ በገዛ ድምፁ፣ በመጫ ቅላጼ፣ መጽሐፉን አንድ ጊዜ እንዳነበበ ሰው ነው። ውድነሽ እንዴት እንደ ሰጋች፣ ስለ ልጁ እንዴት እንደተሳሉ ነገራት። «መጀመሪያ ልሳል ያለችው እናቲቱ ናት» ሲል፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ቄስ አቋረጡት።

«የለም፣ ልጄ፤ ስእለት እንዲያ አይደለም። ባልና ሚስት ተስማምተው ነው።»

«አባቴ፣ እኔ አንብቤዋለሁ እኮ!»

«እኔ ደግሞ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ሳይቆረጥ።»

ክርክሩ ደራ። ቀሚስ ያሳጠረችው ሴት ለቄሱ አደላች፤ ዚፕ የሚያስቀይረው ለልብስ ሰፊው። ነጠላ የምታስጠልፈዋ ልጅ አንዱን ቀና ብላ አይታ ሌላውን ታያለች። እኔ አልገባሁበትም፤ ረዳቱ «ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም!» እያለ ይጣራ ነበርና ተነሣሁ። ከመኪናው መስኮት ስመለከት ስልኩ አሁንም ዝም እንዳለ ነው፤ ቄሱ እጃቸውን አንሥተው ይተርካሉ።