ዛጎልን በማጠፊያዋ ስለ ማወቅ

ከቀይ ባሕር ዳር የተለቀመች ዛጎል በመዳፌ ላይ ባኖርኋት ጊዜ ሁሉ፣ ስሟን ለመጥራት የሚቸኩለውን አንደበቴን ገትቼ፣ አስቀድሜ ሁለቱን ክፋዮቿን በቀስታ ከፍቼ ማጠፊያዋን እመለከታለሁ፤ ቀለም በፀሐይ ይገረጣል፣ ቅርፅም በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቃ ያደገች እንደ ሆነች ይጣመማልና፣ የሁለቱ ምስክርነት ብቻውን አይታመንም። ማጠፊያው ግን ቀጥ ያለና ረጅም ሆኖ፣ ጥቃቅን ጥርሶች እንደ ማበጠሪያ ከዳር እስከ ዳር ተደርድረው ከታዩበት፣ ከአርካ ወገን መሆኗን አውቃለሁ።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ከዚህ ወገን አንዲቱን፣ ጎኗ እንደ ታንኳ ስለሚመስል፣ «አርካ ኖኤ»፣ ማለት የኖኅ መርከብ ብሎ ሰየማት፤ በግዕዙ ኦሪት ዘፍጥረትም የኖኅ መርከብ «ታቦት» ተብላ ስለ ተጻፈች፣ ስያሜው ለእኛ ሰው ጠልቆ የሚገባ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ወገንን ማወቅ ቀላሉ ነው፤ ድካሙ ዝርያን በመለየት ላይ ነው። በጀማሪነቴ ዘመን ከአንድ ባሕር ዳር የለቀምኋቸውን ታናናሾችና ታላላቆች፣ የጥርሳቸው ቍጥር ስላልተስማማ ብቻ፣ ሁለት ዝርያ ናቸው ብዬ ሁለት መግለጫ ጽፌ ነበር፤ ኋላ ግን ከታናሺቱ እስከ ታላቂቱ በአንድ ረድፍ ደርድሬ ባያቸው፣ ጥርሱ ከዕድሜ ጋር በወዲያና በወዲህ ዳር እየተጨመረ፣ የመካከሉም እየሰፋ በሚሄደው የጅማት ሜዳ እየተዋጠ ሲሄድ፣ በጀርባዋ ላይ የተዘረጉት ሸንተረሮች ቍጥር ከልጅነት እስከ እርጅና እምብዛም እንደማይለወጥ ተረዳሁ። በእስያ ገበያዎች የምትሸጠው፣ ግራኖሳ የምትባለው የዚሁ ወገን ዛጎል 18 ገደማ ሸንተረር ሲኖራት፣ የቀይ ባሕሯ አናዳራ አንቲኳታ 40 ገደማ አላት፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚለየው ትዕግሥተኛ ጣት ነው። (የሁለቱም ደም እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለበት ቀይ ነው፤ ይህንን ባየሁ ቍጥር የፈጣሪን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም።)

መግለጫ ስጽፍ፣ ዛጎሊቱን ከቶ ለማያያት አንባቢ እንደምጽፍ አልዘነጋም። የቀይ ባሕርን ፍጥረታት የመዘገበው ፒተር ፎርስኮል በ1763 እ.ኤ.አ. በየመን ምድር ሲያርፍ፣ ጽሑፉ በጓዱ በካርስተን ኒቡር ትጋት በ1775 ታትሞ፣ ዛሬ ባርባቲያ ፎሊያታ የምንላት ዛጎል ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው። እኔም ርዝመቷን በካሊፐር ለክቼ፣ የግራዋንና የቀኟን ክፋይ ለየብቻ ገልጬ፣ የጠጉራም ልባሷን ሁኔታ፣ የተገኘችበትንም ጥልቀትና ቀን እጽፋለሁ፤ የስሟን ቦታ ግን፣ ሸንተረሮቿን በማግስቱ ዳግመኛ እስክቈጥር ድረስ፣ ባዶውን እተወዋለሁ።