የጸደይ ውሃና የአንድ ጎልማሳ ጸጸት

ኢቫን ቱርጌኔፍ የተባለው የመስኮብ ደራሲ በ1872 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ያሳተመው «የጸደይ ውሃ» የሚባል መጽሐፍ አለ። በዚያ አገር ብርዱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ጥቂት ሳምንት ቈይቶ ግን ጐርፉ ያለፈበት ሜዳ ደርቆ ይገኛል። የመጽሐፉ ስም ከዚህ የመጣ ነው። እኔ መጀመሪያ ያነበብሁት በ20 ዓመቴ ሲሆን የፍቅር ታሪክ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ዳግመኛ ባነበው ግን የፍቅር ታሪክነቱ ግማሹ ሆኖ አገኘሁት፤ የቀረው ግማሽ ስለ ዕዳ ነው።

ዲሚትሪ ሳኒን ዕድሜው 50 ዓመት ያለፈ፥ ሚስትም ልጅም የሌለው ባለጸጋ ነው። አንድ ሌሊት ከግብዣ ተመልሶ ሕይወቱ ሁሉ አስጸይፎት ሳለ፥ ሐሳቡን ለማሸሽ ያህል የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍቶ የቆየ ወረቀት ያገላብጣል፤ ከወረቀቱም ሥር በትንሽ ሣጥን የተቀመጠ፥ ቀይ ዕንቍ ያለበት መስቀል ያገኛል። ይህችን መስቀል ሲያይ የ1840 ዓ.ም. በጋ በፊቱ ይቆማል።

በዚያን ጊዜ 22 ዓመት ገደማ የሆነው ሳኒን ከኢጣሊያ ወደ አገሩ ሲመለስ በፍራንክፉርት ጥቂት ሰዓት ለማሳለፍ ብሎ ከኢጣሊያኖች የጣፋጭ መሸጫ ሱቅ ይገባል። ጄማ የምትባል ልጅ ወንድሜ ሞተብኝ ብላ እየጮኸች ትወጣለች፤ ሳኒንም ራሱን የሳተውን ልጅ አሽቶ ያነቃዋል። በዚህ መካከል የሚሄድበት ሠረገላ ያመልጠዋል። ጄማ ለአንድ የሱቅ ሹም ታጭታ ነበር። በአንድ የምግብ ቤት ሰክሮ የነበረ ዶንሆፍ የተባለ መኰንን ባዋረዳት ጊዜ ግን እጮኛው ተቈጥቶ ከመሄድ በቀር ያደረገው የለም፤ ስለ እርሷ ክብር ከመኰንኑ ጋራ በሽጉጥ የተታኰሰው እንግዳው ሳኒን ነው። እርሷም እጮኛዋን ትታ ሳኒንን ወደደች። በሃይማኖት ካቶሊክ ስለ ነበረች፥ እናቷም ስለዚህ ነገር ስለ ተጨነቀች፥ መስቀሏን ከአንገቷ አውጥታ ሰጠችውና የእርሱ ከሆነች ሃይማኖቱም ሃይማኖቷ እንደ ሆነ ነገረችው።

ይህን ስፍራ የሚያነብ ካህን ነገሩን እንደ ቀላል አይቈጥረውም። ልጅቱ የሰጠችው ጌጥ አይደለም፤ ማተቧን ነው። ሳኒን ግን መስቀሉን 30 ዓመት በመሳቢያ አስቀመጠው። አልጣለውም፤ አልመለሰውምም። ደራሲው የሰውዬውን ጠባይ በዚህ አንድ ነገር ገልጾታል።

ስለ ክሕደቱ ሲጽፉ ብዙ ሰዎች ወዲያው ወደ ማርያ ኒኮላየቭና ይሮጣሉ። ይህች ሴት ርስቱን እንድትገዛው ሳኒን ወደ ቪስባደን የሄደባት፥ በጥቂት ቀን ልታስተው ከገዛ ባሏ ጋራ የተወራረደች ባለጠጋ ናት። እኔ ግን ክሕደቱ ከዚያ በፊት እንደ ጀመረ አያለሁ። ሳኒን በፍራንክፉርት በጄማ ቤት ተቀምጦ ሲጫወት፥ በአገሩ ከርስቱ ጋራ አብረው ስለሚሸጡት ገበሬዎች በቍጣ ተናግሮ፥ ይህ ነውር ስለ ሆነ ከቶ አልሸጣቸውም ብሎ ነበር። ለሠርጉ ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ ግን ያንኑ ርስት ከነሰዎቹ ለመሸጥ ወሰነ፤ ለደግ ሰው እሸጣቸዋለሁ፥ ምናልባትም ራሳቸው ነጻነታቸውን ይገዙ ይሆናል እያለም ራሱን አጽናና። በመስኮብ አገር ይህ ሥርዓት በሕግ የቀረው በ1861 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ መጽሐፉ ሲወጣ አንባቢው ሁሉ የነገሩን ክብደት ያውቅ ነበር። ቃሉን ለገበሬዎቹ ያልጠበቀ ሰው ለእጮኛው እንዴት ይጠብቃል? ቱርጌኔፍ ይህን በግልጥ አይናገርም፤ ነገሩን በጨዋታ መካከል ጣል አድርጎት ያልፋል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው።

የማልወደውንም ልናገር። ማርያ ኒኮላየቭና ከሰው ይልቅ ለአጋንንት የቀረበች ሆና ተሥላለች። ሳቋም ዓይኗም ፈረስ አጋለቧም ሁሉ ወጥመድ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ያጠመደችው ወንድ ጥፋቱ በግማሽ ይቀልለታል፤ ጥፋትን በሴት ላይ መጫን ደግሞ ከአዳም ጀምሮ የለመድነው ነውና ደራሲው ሊጠነቀቅ በተገባው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳኒን ሐሰትና ልቅሶ የሞላበት ደብዳቤ ለጄማ ጽፎ ባለጠጋዪቱን እንደ አሽከር ወደ ፓሪስ ተከተላት። ለደብዳቤው መልስ አልመጣም።

እንግዲህ ወደ መሳቢያውና ወደ ሽማግሌው እንመለስ። በግዕዝ «ነስሐ» የሚለው ቃል ተጸጸተ ማለትም ንስሐ ገባ ማለትም ይሆናል፤ አማርኛችን ግን ጸጸትን ከንስሐ ለይቶ ይጠራል። ሳኒን 30 ዓመት የኖረው በጸጸት እንኳ አልነበረም፤ በመርሳት ነበር። መስቀሉን ካገኘ በኋላ ግን ተነሥቶ ወደ ፍራንክፉርት ይሄዳል። ሱቁም ቤቱም ጠፍቷል፥ መንገዱም ተለውጧል። የጄማን አድራሻ ያገኘለት ማን ነው? ያ የተታኰሰው መኰንን ዶንሆፍ፥ አሁን ከሥራ የወጣ ሽማግሌ! ቱርጌኔፍ በዚህ ስፍራ ፈገግ ያለ ይመስለኛል።

ጄማ በኒው ዮርክ የነጋዴ ሚስት ሆና ትኖራለች። ሳኒን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ ይህ እውነተኛ ነው፤ ምክንያትም አያቀርብም። መልሱ በመጣ ጊዜ ባሏን አግብታ 28 ዓመት ያህል በደስታ እንደ ኖረች፥ አራት ወንዶች ልጆችና አንዲት 18 ዓመት የሆናት ለማግባት የተዘጋጀች ሴት ልጅ እንዳሏት፥ ያ ሳኒን ከሞት ያዳነው ወንድሟም ከጋሪባልዲ ጋራ ዘምቶ በሲሲልያ እንደ ወደቀ ይነግረዋል። በእርሱም እንዳልተቀየመች፥ እንዲያውም እርሱን ማወቋ ከመጀመሪያ እጮኛዋ ስላዳናት እንደምታመሰግነው ይገልጽለታል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ምስጋና ቆም ብለህ ተመልከተው። አንድ ሰው የቀድሞ ወዳጁን ሕይወት እንዳጠፋ አስቦ ሲጸጸት፥ በጸጸቱ ውስጥ ጥቂት ትዕቢት ተሸሽጎ ይኖራል፤ ያለ እርሱ ትኖራለች ብሎ አያስብምና። ለሳኒን የመጣለት ይቅርታ ይህንንም ትዕቢት ይነካዋል። የእርሱ ትልቅ ኀጢአት በእርሷ ዘመን ውስጥ ያለፈ አንድ በጋ ሆኖ ተገኘ። ይህ ደግ ቃል ከስድብ ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል። ደራሲውም የሳኒንን ስሜት ለመግለጽ እንደማይሞክር፥ ለእንዲህ ያለው ስሜት የሚበቃ ቃል እንደሌለ ተናግሮ አልፎታል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ሦስት ገጽ እንባ ይጽፍልን ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር ይጐድለኛል። ደብዳቤው በጄማ በራሷ ቃል ሳይሆን በደራሲው ቃል ተጠቃሎ ነው የተነገረን። ያን የሐሰት ደብዳቤ በተቀበለችበት ቀን ምን እንደ ሆነች አንድም ስፍራ አልተጻፈም። ስለ ወንድ ጸጸት የሚጽፉ መጻሕፍት ሁሉ ይህ ጕድለት አለባቸው፤ የበደለው ሲያወራ የተበደለችው በሩቅ ትቆማለች።

በ1858 ዓ.ም. ቱርጌኔፍ «አስያ» የምትባል አጭር ታሪክ ጽፎ ነበር። በዚያችም እንዲሁ አንድ ወጣት ልጅቱን በአንድ ቃል እጦት ያጣታል፤ ግን ዳግመኛ አያገኛትም፥ አድራሻዋም አይታወቅም። ለሳኒን ብቻ ሁለተኛ ዕድል ተሰጠው። ይህስ ዕድል ምንድን ነው? ሴቲቱን ማግኘት አይደለም። በጄማ ደብዳቤ ውስጥ የልጅቱ ሥዕል ነበረ፤ መልኳም ቍርጥ የእናቷ ነው። ሳኒን መስቀሉን በሉል ሐብል ላይ አስገጥሞ ለልጅቱ የሠርግ ስጦታ ላከ። የተበደረውን መለሰ ማለት ነው፤ ሉሉም ወለዱ ይሁን።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ደራሲው ግን ሳኒን ርስቱን ሁሉ ሸጦ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ጨምሮ ይፈጽማል። በ20 ዓመቴ በዚህ ፍጻሜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ያሳስበኛል። ባል ያላት የአምስት ልጆች እናት ወዳለችበት ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ቱርጌኔፍ ራሱ ሚስት ሳያገባ፥ ባል ያላትን ፓውሊን ቪያርዶ የተባለች ዘፋኝ ከ1843 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞት 40 ዓመት ያህል በወዳጅነት የተከተለ ሰው ነበር። በሌላ ሰው ትዳር ዳር መኖር ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ፍጻሜውን በወሬ መልክ መጻፉ በድንገት አይመስለኝም፤ ሳኒንን ከመርከቡ ላይ ሲወጣ አያሳየንም። ሐብሉ ግን ባሕሩን አስቀድሞት ተሻግሯል።