ከምስሉ በፊት ኃይሉ፦ ለላፕቶፕ ሁለተኛ ስክሪን ስለመምረጥ

ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ የሚሠራና በቦርሳ የሚያዝ ሁለተኛ ስክሪን፣ በገበያ ስሙ ፖርተብል ሞኒተር፣ ሲመረጥ ሻጩም ገዢውም አስቀድመው የሚነጋገሩት ስለ ስፋቱና ስለ ምስሉ ጥራት ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖር ሠራተኛ ግን ይህ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይገባል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃው ስንት ዋት እንደሚወስድና ያንን ኃይል በየትኛው ገመድ እንደሚያገኝ ነው፤ ምክንያቱም በእነዚህ ከተሞች የዚህ ዕቃ ዋና ጥቅም የሚገለጠው መብራት በሌለበት ሰዓት ነው።

ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ከነዋሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ጠዋት በአየር ጤና፣ በአስኮ ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል አዲስ አበባ ገብተው ማታ ይመለሳሉ። ከመካከላቸው ሥራውን በላፕቶፕ ይዞ የሚመላለሰው በአንድ ስክሪን መሥራት የሚያስከትለውን ድካም ያውቀዋል። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም መዝገብ የሚያስገባ ባለሙያ የኤክሴል ሰንጠረዡን ጎን ለጎን ማየት ይሻል፤ ከተሞቹ የሚገኙበት የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑም ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚመልስ ተርጓሚ ሁለቱን ጽሑፎች ትይዩ አድርጎ ካልዘረጋ መስኮት በቀያየረ ቁጥር መስመር ሊዘል ይችላል።

ለእነዚህ ሰዎች የተለመደው የጠረጴዛ ሞኒተር ከ220 ቮልት የቤት መስመር ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ በአገር ደረጃ የኤሌክትሪክ ፈረቃ በተጀመረ ጊዜ ላፕቶፕ ያለው ሰው ባትሪው እስኪያልቅ መሥራት ቢችልም፣ ከጎኑ ያለው ትልቅ ስክሪን ግን ተራው እስኪደርስ ጨልሞ ይቆይ ነበር። ፖርተብል ሞኒተር ይህን ችግር የሚያቃልለው ከላፕቶፑ ባትሪ በመመገብ ነው፤ ነገር ግን ሻጭ የማያነሳው ዋጋ አለው። ዋት ማለት ዕቃው በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚወስደው የኃይል መጠን ሲሆን ዋት ሰዓት ደግሞ ባትሪው ያከማቸው ነው፤ 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ በጽሑፍ ሥራ 10 ዋት ቢወስድ አምስት ሰዓት ይቆያል፤ 8 ዋት የሚወስድ ስክሪን ሲጨመርበት ግን ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሁለት የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ያለው ሞኒተር፣ በአንዱ ምስል ተቀብሎ በሌላው ከፓወር ባንክ ኃይል የሚወስደው፣ አንድ ብቻ ካለው በእጅጉ ይመረጣል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የሌኖቮ ቲንክቪዥን ኤም14 በግራና በቀኝ አንዳንድ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ነበረው። ባለ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ በስሌት 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመቀየር ሂደት የሚባክነው ተቀንሶም ለእንዲህ ያለ ስክሪን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይሸፍናል።

ከሁሉ ይበልጥ ገንዘብ የሚባክነው በገመዱ ጉዳይ ነው። ዩኤስቢ ሲ የሚባለው፣ በሁለቱም ገጽ የሚሰካው ሞላላ ቀዳዳ፣ ቅርጹ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ አይደለም፤ ከላፕቶፖች አንዳንዶቹ በዚህ ቀዳዳ መረጃ ብቻ ያስተላልፋሉ፣ ሌሎቹ ቻርጅም ይቀበላሉ፣ ምስል የሚያወጡት ግን ዲስፕሌይፖርት የተባለውን የምስል ሥርዓት በዚያው መስመር እንዲያሳልፉ የተሠሩት ናቸው። ገመዱም እንዲሁ ነው፤ ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለኃይልና ለዝግተኛ መረጃ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ምስል አያሳልፍም፤ ይህን ያላወቀ ገዢ ጤነኛውን ሞኒተር ተበላሽቷል ብሎ ይከራከራል። በአዲስ አበባ ገበያ ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ብዙ ስለሆኑ የዕድሜያቸው ነገርም ይታሰብበት፤ ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ዩኤስቢ ሲም ሆነ ኤችዲኤምአይ የለውም፣ ያለው ዲስፕሌይፖርትና ቪጂኤ ነው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ርካሽ ኮንቨርተር ለዚህ ይበቃል፤ ይሁንና ኤችዲኤምአይ ምስል እንጂ ስክሪን የሚያበራ ኃይል ስለማይሰጥ ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። ያንን ገመድ በላፕቶፑ አሮጌ የዩኤስቢ ቀዳዳ መሰካት ይቀናል፤ ነገር ግን የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ በመደበኛነት የሚሰጠው 4.5 ዋት ብቻ በመሆኑ ስክሪኑ ድምቀቱ ሲጨመር ይርገበገባል ወይም እየጠፋ ይነሣል።

ስለ ስፋት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፒክስል ስክሪኑ የተሠራባት ደቃቅ ነጥብ ስትሆን፣ 1920 በ1080 ፒክስል በ15.6 ኢንች ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 141 ያህል ነጥብ ይገኛል፤ ይህም ቲን ከቴ፣ ሂን ከሄ የሚለዩትን ትንንሽ ቅጥያዎች ያለ ችግር ያሳያል። በዚሁ ስፋት 4ኬ የሚባለውን መግዛት ለፎቶግራፍ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ባትሪን ያለ በቂ ምክንያት ማስበላት ነው። ይልቅ የሚያስቆጨው ቲኤን የሚባለው ርካሽ የስክሪን ዓይነት ነው፤ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ስለሚለወጥ፣ ሁልጊዜ በጎን ለሚቀመጥ ሁለተኛ ስክሪን አይሆንም፤ አይፒኤስ የተባለው ይሻላል።

የድምቀት መለኪያ ኒት ይባላል። ርካሾቹ 250 ኒት አካባቢ ሲሆኑ፣ ይህ ለማታ ሥራ ይበቃል፤ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው ሱሉልታ፣ በበጋ፣ መጋረጃ በሌለው መስኮት አጠገብ ግን ፊደሉ ይደበዝዛል። 400 ኒት ይህን ያስተካክላል፤ ሆኖም ድምቀት በጨመረ መጠን ዋቱም ስለሚጨምር መብራት በጠፋ ጊዜ ፓወር ባንኩ ቶሎ ያልቃል። ጠረጴዛን ከመስኮቱ ዞር ማድረግ ምንም ዋጋ የማያስከፍል መፍትሔ ሲሆን፣ የማያብለጨልጭ ገጽ ያለውን መምረጥም ሌላው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በእጅጉ በመዳከሙ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃን ተሳስቶ መግዛት ይበልጥ ያማል፤ በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ ደግሞ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። በመሆኑም ገዢው ወደ መርካቶም ሆነ ወደ ቦሌ ሲሄድ የራሱን ላፕቶፕ፣ ገመድና ፓወር ባንክ ይዞ መሄድ አለበት። በሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ነጭ ገጽና በትንሽ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ዘርግቶ ቢያንስ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ማቆየት፣ ቀጥሎም መሰኪያውን በጣት ቀስ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ይበጃል፤ በታክሲ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ በሚቀመጥ ተሳፋሪ ቦርሳ ውስጥ የሚኖር ዕቃ ቶሎ የሚጎዳው በዚህ ቀዳዳ ነውና፣ ምስሉ ለቅጽበት እንኳ ከተቋረጠ ያ ሞኒተር ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።