ደመወዝ የሚከፈለው ወዳጅ

አካል ጉዳተኛ ስናይ ከንፈር መምጠጥ ይቀናናል። ኦሊቪዬ ናካሽና ኤሪክ ቶሌዳኖ በ2011 እ.ኤ.አ. ለእይታ ያበቁት «አንቱሻብል» የተሰኘው የፈረንሳይ ፊልም ትልቁ ብልጫ ከንፈሩን የማይመጥ ሰው ማሳየቱ ነው።

ፊሊፕ ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀስ የፓሪስ ባለጸጋ ነው። ድሪስ ደግሞ የሥራ አጥ ድጎማው እንዳይቋረጥበት፣ ሥራ ጠይቆ መከልከሉን የሚያረጋግጥ ፊርማ ፍለጋ ይመጣና ሳያስበው አስታማሚ ሆኖ ይቀራል። ስልክ ሲጮህ አንስቶ ለፊሊፕ ይዘረጋለታል። የሰውየው እጅ እንደማይሠራ ይረሳል! ፊሊፕም የወደደለት ይህንኑ መርሳቱን ነው። (ድሪስን ሆኖ የተጫወተው ኦማር ሲ በ2012 የሴዛር ሽልማት ማግኘቱ አይበዛበትም።)

ችግሩ ድሪስ ደሞዝተኛ መሆኑ ነው። ለአሠሪ መሳቅና ለጓደኛ መሳቅ በምን ይለያል? ፊሊፕ ድሃ ቢሆንና አሳንሰር በሌለው ፎቅ ላይ ቢኖር ኖሮስ ደጁን ማን ያንኳኳ ነበር?

ፊልሙ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በእጁ ነበረው። ድሪስን የቤተሰቡ ጣጣ ሲጠራው ፊሊፕ ራሱ ያሰናብተዋል። ከዚያ በኋላ የፊሊፕ ጢም ያድጋል፣ ኑሮ ያስጠላዋል። ድሪስ ተጠርቶ ይመለሳል፤ አሁን ግን ቅጥረኛ ሆኖ አይደለም። ወዳጅነቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አዘጋጆቹ ግን ይህን ጊዜ በጢም መላጨት ቀልድ አሳለፉት። ቀልዱ ያስቃል፤ እኔ ግን ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ድሪስ እንደ ማንኛውም የተከፋ ጓደኛ «ለምን አሰናበትከኝ?» ሲለው፣ ፊሊፕም መልስ ሲቸግረው ባየሁ እመርጥ ነበር።