ማንቃት ወይስ መንቃት፦ የፓውሎ ፍሬይሬ መጽሐፍና የጋምቤላ መምህር

ስለ ለውጥ የተጻፉ መጻሕፍት ቁጥራቸው የትየለሌ ነው። አብዛኞቹ ለውጥ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚያስፈልግ ያትታሉ፤ ለውጡን የሚያመጣው ማን እንደሆነ፣ በማንስ ቃል እንደሚነገር አጥብቀው የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬይሬ «የጭቁኖች ሥነ ትምህርት» ሲል የሰየመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ደራሲው በስደት ሳለ በቺሌ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1968 ያለቀ፣ በ1970 በእንግሊዝኛ ታትሞ ዓለምን ያዳረሰ፣ በደራሲው ሀገር ግን እስከ 1974 ድረስ ሳይታተም የቆየ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርትና ስለ ኅብረተሰብ ለውጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር ስሙ ሳይጠራ የታለፈበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የዚህ ሂስ ዓላማ መጽሐፉን ማወደስ ወይም ማጣጣል አይደለም። በባሮ ወንዝ ዳር፣ አኙዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ በሚኖሩበት፣ ከደጋው የመጡ ወገኖችም በሠፈሩበት በጋምቤላ ምድር የሚያስተምር መምህር ይህን መጽሐፍ ቢያነብ ምን ያገኝበታል? ምንስ ይጎድልበታል? የሚለውን መመርመር ነው። መጽሐፍ የሚመዘነው በተጻፈበት ሀገር ብቻ ሳይሆን በሚነበብበትም ሀገር ነውና።

የመጽሐፉ ሐሳብ

ፍሬይሬ ሐሳቡን ያፈለቀው ከቤተ መጻሕፍት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1921 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በሬሲፌ ከተማ ተወልዶ፣ ድርቅና የመሬት ከበርቴ ባደቀቁት በዚያው አካባቢ ለገበሬዎችና ለሠራተኞች ማንበብና መጻፍ ሲያስተምር ነው። በ1963 አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ከመሃይምነት ለማላቀቅ የተደረገው ሙከራ ስሙን አስጠራው። ማንበብ የማይችል ሰው የመምረጥ መብት ባልነበረበት ሀገር ማንበብ ማስተማር የፖለቲካ ሥራ ነበርና በ1964 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት አሰረው፤ ከዚያም ተሰደደ።

የመጽሐፉ ዋና ዋና ሐሳቦች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በነባሩ የትምህርት አሰጣጥ ላይ የተሰነዘረው ሂስ ነው። ደራሲው ነባሩን አስተማሪ ገንዘብ በባንክ እንደሚያስቀምጥ ሰው ይቆጥረዋል፤ ተማሪው ባዶ ሣጥን ነው፤ መምህሩ ያስቀምጣል፤ በፈተና ቀን ያስቀመጠውን ቆጥሮ ይረከባል። ለእኛ አንባቢ ጎተራ ቢባል ይበልጥ ይቀርባል። ጎተራ የገባበትን እህል ይዞ መቀመጥ እንጂ መዝራት አይችልም። ሁለተኛው ውይይት ነው፤ መምህርና ተማሪ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ተቀምጠው ኑሯቸውን የሚመረምሩበት፣ ሁለቱም የሚያስተምሩበትና ሁለቱም የሚማሩበት አሠራር። ሦስተኛው ለመሪዎች የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ጭቁኑ የጨቋኙን መልክ በልቡ ተሸክሞ ስለሚኖር፣ ነፃ የወጣ ሲመስለው የጨቋኙን ወንበር ለመውረስ ይመኛል፤ መሪውም ስለ ሕዝብ እየተናገረ ያለ ሕዝብ ከሠራ የቀድሞውን ገዥ ዘዴ በአዲስ ስም ይደግማል ይላል።

ደራሲው በሌሎች ጽሑፎቹ የዘረዘረው የማስተማሪያ ዘዴም ሊጠቀስ ይገባዋል። ከመንደሩ ሰዎች ኑሮ ውስጥ ጥቂት ቃላት ይለቀማሉ። እያንዳንዱ ቃል በሥዕል ታይቶ ውይይት ይደረግበታል፤ ከውይይቱ በኋላ ቃሉ ይፈታል። ለምሳሌ በፖርቱጋልኛ ጡብን «ቲዦሎ» ይሉታል። ግንበኞቹ ጡቡን ማን እንደሚሠራው፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖርበት ከተወያዩ በኋላ ቃሉን ታ ቴ ቲ ቶ ቱ፣ ዣ ዤ ዢ ዦ ዡ፣ ላ ሌ ሊ ሎ ሉ ብለው ይዘረዝሩና ከእነዚህ ክፍልፋዮች ሌሎች ቃላትን ይሠራሉ። ለውይይቱ የቀረቡትን ሥዕሎች የሠራው የሬሲፌው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ብሬናንድ ነበር። በዚህ ትምህርት ሠዓሊው ከመምህሩ ቀድሞ ይሰለፍ ነበር ማለት ይቻላል።

በአማርኛ ሲነበብ

መጽሐፉ በእኛ አገር ጆሮ ሲደርስ አንድ ነገር ይለወጣል። የፍሬይሬ ዋነኛ ቃል በአማርኛ ብዙውን ጊዜ «ንቃተ ኅሊናን ማዳበር» ወይም «ማንቃት» ተብሎ ይነገራል። በአብዮቱ ዘመን ከነበሩት መፈክሮች አንዱም «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» የሚል ነበር። ነገር ግን «ማንቃት» ባለቤትና ተሳቢ ያለው ግስ ነው፤ አንቂ አለ፤ የተኛ የተባለ ሌላ ሰው አለ። ፍሬይሬ የሚለው «መንቃት» ነው፤ ሰው በራሱ ኑሮ ላይ ዓይኑን ሲገልጥ። ከዚያም በላይ አማርኛችን «መማማር» የሚል ቃል አለው። ደራሲው ብዙ ገጽ ያወጣበትን ሐሳብ ይህ አንድ ግስ ይሸከመዋል። በእነዚህ ግሶች መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታሪካችንም ጉዳይ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንመልከት። ዘመቻው ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮ የማንበብና መጻፍ ሽልማት ተሰጥቶታል። ደረጃ በደረጃም በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጥቷል። ይህ ከዚያ በፊት በሀገሪቱ ያልታየ ሥራ ነውና ሊካድ አይገባውም። ሆኖም ከ15ቱ ቋንቋዎች ውስጥ ኩናማንና ሳሆን የመሳሰሉ ተናጋሪያቸው ያልበዛ ቋንቋዎች እንኳ ሲካተቱ የአኙዋክ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖም ሆነ የኮሞ ቋንቋ አልነበረም። የባሮ ዳር ጎልማሳ ፊደል ለመቁጠር አስቀድሞ የሌላውን ቋንቋ መማር ነበረበት። በሌላ አነጋገር እንዲነቃ የተጠራው ሰው የተጠራው በማያውቀው ስም ነበር። የዘመቻው አስተማሪዎች ቅንነትና ድካም ይህን ጉድለት ሊሞላው አልቻለም።

የጊኒ ቢሳው ትምህርት

ይህ ጉድለት የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን መድኃኒት አድርገን በወሰድነው ነበር። ግን ራሱ ደራሲው በዚሁ ድንጋይ ተደናቅፏል። ከ1975 ጀምሮ አዲስ ነፃነቷን በተቀዳጀችው በጊኒ ቢሳው የመሠረተ ትምህርት አማካሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ከዚያ የጻፋቸው ደብዳቤዎችም በመጽሐፍ ታትመዋል። በዚያች ሀገር አብዛኛው ሕዝብ የሚናገረው ባላንታን፣ ፉላንና ማንዲንካን የመሳሰሉ ቋንቋዎችን ሲሆን የጋራ መግባቢያው ክሪዮል ነበር። የመሠረተ ትምህርቱ ቋንቋ ግን የቀድሞው ቅኝ ገዥ ቋንቋ ፖርቱጋልኛ ሆነ። ውጤቱም እጅግ ደካማ ነበር። ፍሬይሬ እ.ኤ.አ. በ1987 ከዶናልዶ ማሴዶ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ1977 ለሀገሪቱ የትምህርት ኮሚሳር ለማርዮ ካብራል የጻፈውን ደብዳቤ አያይዞ የቋንቋው ችግር አስቀድሞ እንደታየው፣ ውሳኔው ግን የእርሱ እንዳልነበረ አስረድቷል።

ማስረዳቱ ተገቢ ነው፤ ለሂስ ግን በቂ አይደለም። «የጭቁኖች ሥነ ትምህርት» ሰው ዓለምን በራሱ ቃል ሲሰይም ነፃ ይወጣል እያለ፣ ያ ቃል በየትኛው ቋንቋ እንደሚነገር አይጠይቅም። በብራዚል ገበሬውም መምህሩም ፖርቱጋልኛ ይናገሩ ስለነበር ጥያቄው አልተነሣም። በጊኒ ቢሳውና በጋምቤላ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እርሱ ነው። ታንዛኒያ በጁሊየስ ኔሬሬ ዘመን የጎልማሶች ትምህርትን በሕዝቡ ዘንድ በተስፋፋው በስዋሂሊ ማካሄዷ ከጊኒ ቢሳው የተሻለ መሠረት እንዲኖራት አድርጓል።

ቃልና ፊደል በጋምቤላ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ፈቀደ። በጋምቤላም አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛና መዠንግርኛ በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኑ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን መምህሩ የፍሬይሬን ዘዴ እንዳለ ልጠቀምበት ቢል ወዲያው ችግር ይገጥመዋል። «ቲዦሎ»ን በክፍልፋይ መዘርዘር ለፖርቱጋልኛ ይመቻል፤ ቤተሰብ ሠርቶ ለተደረደረው ለግዕዝ ፊደልም ይመቻል። የኑዌርኛ ቃላት ግን አብዛኞቹ ባለ አንድ ቀለም ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ነጠላና ብዙ የሚለዩት በቃሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ሲለወጥ ነው። አናባቢዎቹም በርዝመትና በትንፋሽ ስለሚለያዩ ከሰባቱ የፊደል እርከኖች ይበልጣሉ። ኑዌርኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1928 በሱዳን ረጃፍ ላይ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ መሠረት የተቀረጸ ነው። ስለዚህ የጋምቤላ መምህር ከብራዚል ሊወስድ የሚችለው ዘዴውን ሳይሆን ዘዴው የተገኘበትን መንገድ፣ ማለትም ከሕዝቡ አፍ መነሣትን ነው።

ከሕዝቡ አፍ ሲነሣም አንድ ቃል ለሁሉ አይበቃም። ለኑዌር ልጅ ዓለም በከብት ትጀምራለች፤ ጥሎሹ፣ ዕርቁ፣ ዘፈኑም በከብት ነው። ለአኙዋክ ልጅ ባሮ «ኦፔኖ» ነው፤ ከወንዙ ዳር በቆሎና ማሽላ አለ፤ በወንዙ ውስጥ ዓሣ አለ። ለመዠንግር ልጅ ደኑና ከዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ አለ። «መሬት» የሚለው ቃል ብቻ እንኳ ለአንዱ ግጦሽ፣ ለሌላው የአባቶች መንደር፣ ለሦስተኛው ጥላና ማር ነው።

መጽሐፉ እጅግ የሚሳሳውም እዚህ ላይ ነው። የፍሬይሬ ዓለም ሁለት ወገን ብቻ አለው፤ ጨቋኝና ጭቁን። በጋምቤላ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ግን ሁሉም የድሃ ልጆች ሆነው ሳለ ወላጆቻቸው በግጦሽ፣ በወንዝ ዳርና በሥልጣን ተጋጭተው ሊሆን ይችላል። ደረጀ ፈይሳ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ጥናት እንደሚያሳየው አኙዋክና ኑዌር ስለ ማንነት ያላቸው አስተሳሰብ ራሱ የተለያየ ነው፤ አንዱ በምድሩና በወሰኑ ይጸናል፤ ሌላው እንግዳውን ወገን እያደረገ ይሰፋል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ብዙ የአኙዋክ ተወላጆች የተገደሉበት መከራም ጨቋኝና ጭቁን በሚል አንድ መስመር ብቻ ተሰምሮ አይገለጽም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ውይይቱ በመምህሩና በተማሪው መካከል ብቻ ሊሆን አይችልም፤ በተማሪና በተማሪ መካከልም መሆን አለበት። ልጆቹ በቋንቋ ተለይተው ቢቀመጡ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ይማራል፤ የጎረቤቱን ቃል ግን አይሰማም። ሁሉም በአንድ ቋንቋ ቢሰበሰቡ ደግሞ የአብዛኞቹ ቃል ይታፈናል። ይህን ችግር የሚፈታ አንድም ምዕራፍ በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

አጌምና ጉልቻው

መጽሐፉ ለጋምቤላ መምህር እጅግ የሚጠቅመው በሦስተኛው ሐሳቡ፣ ስለ ወንበሩ በተናገረው ነው። አኙዋኮች ለውጥ የማምጣት የራሳቸው ልማድ ነበራቸው፤ «አጌም» ይሉታል። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት እንደዘገበው፣ የመንደሩ አለቃ ሕዝቡን ማብላትና ማጠጣት ሲያቅተው፣ ደጋፊው ሲሳሳ፣ የመንደሩ ሰዎች ተነሥተው ከመንደሩ ያስወጡትና ሌላ አለቃ ይተኩ ነበር። አለቃ ለሕዝቡ ባለዕዳ መሆኑን የሚያውቅ ኅብረተሰብ ነው ማለት ነው። ከውጭ ማንም ሳያነቃው የነቃ ሕዝብ ነበር።

ሆኖም አዲሱ አለቃ የሚመረጠው ከዚያው ከአለቆች ዘር ነበር። ሰውየው ይለወጣል፤ ወንበሩ ይጸናል። የደገኛው ተረት «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲል የሚተቸው ይህንኑ ነው። ፍሬይሬ ከውቅያኖስ ማዶ የጻፈውን ማስጠንቀቂያ የባሮ ዳር ሽማግሌና የደጋ ገበሬ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። እንግዲህ ጥሩ መምህር ስለ ለውጥ ሲያስተምር ከብራዚል አይጀምርም። አጌምን ያነሣና «ሰውየው ተለወጠ፤ ወንበሩስ?» ብሎ ይጠይቃል። የኑዌሩ ልጅ የራሱን ወገን ልማድ ያነሣል፤ የደገኛው ልጅ ተረቱን ያመጣል። ያን ጊዜ የፍሬይሬ ሐሳብ የክፍሉ ሐሳብ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በአጻጻፉ በኩል መጽሐፉ ከባድ ነው። ረቂቅ ቃላት ይበዙበታል፤ አንድም ተማሪ በስሙና በመልኩ አይታይበትም። ሰውን ሁሉ በወንድ ጾታ መጥራቱ በሴቶች አንባቢያን ተተችቶ ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ስለ ተስፋ በሚናገር መጽሐፉ ትችቱን ተቀብሏል። ይህም ለሐያሲ ጆሮ የሰጠ ደራሲ መሆኑን ያስመሰክርለታል።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። «የጭቁኖች ሥነ ትምህርት» ለመምህር አስፈላጊ መጽሐፍ ነው፤ የተሟላ መጽሐፍ ግን አይደለም። ለውጥን ማን እንደሚናገረው ይጠይቃል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነገርና በጭቁኖች መካከል ያለው ቁስል እንዴት እንደሚሽር አይነግረንም። ይህን ሊሞላ የሚችለው በጋምቤላ ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ነው። ካድሬውና የሥራ ኃላፊው ሕዝቡን ከማንቃታቸው በፊት ሕዝቡ በምን ቃል እንደሚናገር ቢያዳምጡ መልካም ነው። ሠዓሊውም ብሬናንድ ለሬሲፌ እንዳደረገው የከብቱን፣ የወንዙንና የቀፎውን ሥዕል በአንድ ግድግዳ ላይ ቢሰቅልላቸው፣ ቋንቋቸው የተለያየ ልጆች መነጋገሪያ ያገኛሉ። «መማማር» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ ከሌላው መማር፣ ደግሞም አንዱ ሌላውን መማር፣ ማለት ምሕረት ማድረግ ነው። በባሮ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ይፈልጋል።