አንድ ክንድ የቃጫ ገመድ

ሾላ ገበያ ገና ሳይገቡበት በአፍንጫ ይታወቃል። ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ በርበሬው ከሩቅ ይቀበላል። እኔም የሄድኩት ለቅቤ ነበር። ስመለስ ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ በጥቅል ከተሰቀለበት ሥር፣ መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው የተቀመጡ እናት አየሁ። (ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው፤ ጆንያ የሚለውን ስም ከአፋችን ከነጠቀ ቆይቷል።) ፊታቸው ሁለት ነገር ተዘርግቷል። አንዱ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ የእንሰት ቃጫ፣ ሌላው ከዚያው ቃጫ የተገመደ፣ ውፍረቱ ትንሽ ጣት የሚያህል ገመድ።

ከቃጫው ነጣ ያለውን እስር ሳነሳ እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነጭነቱን አትመልከት ልጄ፤ ሳበው።»

አንዷን ክር መዝዤ በሁለት እጄ ሳብኳት። ጸጉር ታህላለች፤ ግን ጣቴን ቆርጣ ልትገባ ደረሰች እንጂ አልተበጠሰችም። ገላ መፋቂያ የሚሆነውን እስርም፣ አንድ ሁለት ክንድ ገመድም ገዛሁ። ቤት ገብቼ ገመዱን ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። የሚቀጥለው ያየሁት ነው።

ግን ቃጫው ገመድ ከመሆኑ በፊት ያለፈበትን መናገር ያስፈልጋል፤ የሙያው ግማሽ እዚያ ነውና። የእንሰት ግንድ የምንለው እውነተኛ ግንድ አይደለም። የቅጠሎቹ እግር እንደ ሽንኩርት እርስ በርሱ ተደራርቦ የሠራው ምሰሶ ነው። ዓመታት ቆይቶ የደረሰው እንሰት ሲቆረጥ ይህ ድርብ አንድ በአንድ ይላጣል። ከዚያ በጉራጌም በሲዳማም በሌላውም የእንሰት አገር ሥራው የሴቶች ነው። ሴትየዋ ልጡን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በእግሯ ተረከዝ ወጥራ ትይዘዋለች፤ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ሥጋው እየተፋቀ ወደ ታች ይወርዳል፤ እሱ ነው ተብላልቶ ቆጮ የሚሆነው። ሳንቃው ላይ የሚቀረው ጅማት ነው፤ እሱ ቃጫ ነው።

የመፋቂያዋ ጫና ልክ ሊኖረው ይገባል። ካነሰ ሥጋው ከክሩ ላይ ይቀራል፤ ቃጫው ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል። ከበዛ ክሩ ራሱ ይቆረጥና ከቆጮው ጋር ይሄዳል። ክትፎ ቤት ቆጮ ስትበሉ ጥርሳችሁ መሐል የገባ ቀጭን ክር ካለ፣ እሱ ከሳንቃው ያመለጠ ነው። ቆጮው ከመጋገሩ በፊት በቢላ ደጋግሞ የሚከተከተውም ለእሱ ሲባል ነው። እንግዲህ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ምግቡም ገመዱም ይለያያሉ። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ኑሮው የተመሠረተበት ተክል ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ቆጮው ነው፤ ቃጫው በምርቃት መልክ የሚመጣ ይመስላል። ቤት ለሚያስር፣ ከብት ለሚጠምድ፣ እቃ ለሚሸከም ሰው ግን ምርቃት አይደለም።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ።

ገመዱ ሁለት ፈትል ነው። እያንዳንዱ ፈትል ለብቻው ወደ ቀኝ ከርሯል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የተገመዱት ግን ወደ ግራ ነው። ጫፉን ስለቀው ፈትሎቹ ወደ መጡበት ሊዞሩ ይሞክራሉ፣ ሊፈቱ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ፈትሎቹ ሊፈቱ የሚሄዱበት አቅጣጫ ግምዱን ይበልጥ የሚያጠብቅበት ነው። ተያይዘው ይቆማሉ። ሙጫ የለ፣ ስፌት የለ። ገማጁ ቃጫውን በጭኑ ላይ በመዳፉ ሲያሽ ሁለቱንም ፈትል ወደ ፊት ያከራል፤ መዳፉን ሲመልስ አንድ ላይ ይገምዳቸዋል። ሁለቱም ዙር በአንድ መሄድና መምጣት ያልቃል። ለማየት ቀላል ነው። እኔ ሞክሬ የሠራሁት ግን አንዱ ፈትል ቀጥ ብሎ ሌላው እንደ ሐረግ የተጠመጠመበት ሆነ፤ ያ ገመድ አይባልም፤ ሸክሙን የሚይዘው ቀጥ ያለው ብቻ ነውና። በእማማ ገመድ ላይ ሁለቱ ፈትሎች እኩል ይጎነበሳሉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥፍሬ እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ዙሩ የላላበትም የተጨናነቀበትም ቦታ አላገኘሁም።

ይበልጥ የደነቀኝ ግን ቅጥሉ ነው። የቃጫ ክር ቢረዝም የእንሰቱን ቁመት አያልፍም፤ ገመዱ ግን እስከፈለጉት ይረዝማል። ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ አዲስ ቃጫ መግባት አለበት። ሰነፍ ገማጅ አሮጌው ሊያልቅ ሲል ቋጥሮ ይቀጥላል፤ ቋጠሮው ይታያል፣ መዳፍ ይቆረቁራል፣ ገመዱም የሚበጠሰው እዚያው አጠገብ ነው። ይህኛው አልተቋጠረም። ፈትሉ መሳሳት ሲጀምር ጥቂት ክሮች ተጨምረዋል፤ ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ ጥቂት። የአንደኛው ፈትል ቅጥልና የሁለተኛው ቅጥል ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም፤ አንዱ የሳሳበት ላይ ሌላው ሙሉ ነው። ይህን ያገኘሁት ክሩን አንድ በአንድ ስመዝ ነው እንጂ ከላይ ሲታይ ምንም የለም። ጥሩ ቅጥል ዓይን አይስብም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ገማጅ ቢጠየቅ ተረቱ ጎደሎ ነው የሚል ይመስለኛል። ያልተገመደውን እስር ይዤ ስስበው ክሮቹ አንዳቸው ከአንዳቸው እየተንሸራተቱ እጄ ላይ ቀሩ፤ ብዙ ነበሩ፣ አብረውም ነበሩ። የተገመደው ግን በሳብኩት ቁጥር እርስ በርሱ ይጨናነቃል፤ ሸክሙ ራሱ ያጠብቀዋል።

በሰሜን ያደገ አንባቢ ቃጫ ሲባል ሌላ ነገር ሊያስብ ይችላል፤ ለአጥር የሚተከለውን፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሚወጋውን ተክል። እሱ ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ነው። እንሰት ግን የራሳችን ነው፤ ጫካው ውስጥ በሌላም የአፍሪካ አገር ይበቅላል፣ አልምቶ ለምግብ ያዋለው የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን አውጥቶታል። የሚገርመው፣ በሰሜን ቤት ተክሉ ኮባ ይባላል፤ ቅጠሉ ድፎ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ግንዱ ውስጥ ያለው ክር ግን ብዙም አይታሰብም። የፊሊፒንስ ሰዎች የእንሰት ዘመድ ከሆነው ከአባካ በሚያወጡት ክር ግን የዓለም መርከቦች ሲታሰሩ ኖረዋል፤ ዛሬም የሻይ ከረጢት ወረቀት ይሠራበታል።

ጉድለቱን አልደብቅም። የቃጫ ገመድ ርጥብ ቦታ ከከረመ ይበሰብሳል። የፕላስቲኩ ዝናብ አይፈራም፣ ርካሽም ነው፤ ከአናቱ የተሰቀለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ፕላስቲክ ሲቋጠር ይንሸራተታል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጣጠቃል፣ በሸክም ጊዜ መዳፍ ይልጣል። ቃጫ ሸካራ ስለሆነ ቋጠሮው ይነክሳል፤ በሬ አንገት ላይም ሆነ ተሸካሚ ትከሻ ላይ ይመቻል። ለዕለት እስር ፕላስቲኩ ይበቃል። በየቀኑ እጅ ለሚነካው ነገር እኔ ቃጫውን እመርጣለሁ።

ሾላ ለቅቤ ከሄዱ መሬት መሬቱንም ይመልከቱ። ገመዱን ሲያገኙ በነጭነቱ አይግዙ፤ በሁለት ጣትዎ ወደ ኋላ ጠምዘዝ አድርገው ፈትሎቹን ይክፈቱና ሁለቱ እኩል መጎንበሳቸውን፣ ቋጠሮ አለመኖሩን ይዩ፤ ሲለቁት ራሱ ይዘጋል። ሻጯ ሲቆርጡልዎት ጫፉን ቋጥረው ይውሰዱት፤ ካልቋጠሩት ቤት እስኪደርሱ የተቆረጠው ጫፍ ሊፈታ ይችላል።