ጎርደን ስሚዝና የምሥራቁ ጠረፍ ዘመን

የስኮትላንድን የእግር ኳስ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሁለቱን የግላስጎ ቡድኖች፣ ሬንጀርስንና ሴልቲክን፣ የታሪኩ ዓምድ አድርገው ማቆም ልማዳቸው ስለ ሆነ፣ ለአንዳቸውም ሳይሰለፍ አምስት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን የሆነውን የቀኝ ክንፍ አጥቂ፣ ጎርደን ስሚዝን፣ ዘወትር የሚያነሡት የኤድንብራው ሂበርኒያን ካፈራቸው «ዝነኞቹ አምስት» እንደ አንዱ አድርገው ነው። ይህ ዝክር ሐሰት ባይሆንም ምሉዕ አይደለም፤ የአንዱን ሰው መክሊት በማኅበሩ ክብር ሸፍኖ ያስቀረዋልና።

በ1924 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኤድንብራ ተወልዶ በሞንትሮዝ ያደገው ስሚዝ፣ በ1941 ገና የ16 ዓመት ብላቴና ሳለ ለሂበርኒያን በተሰለፈበት በመጀመሪያው ግጥሚያ በከተማው ባላንጣ በሃርትስ ላይ ሦስት ግብ አገባ። ቡድኑ በ1948፣ በ1951 እና በ1952 ሻምፒዮን ሲሆን፣ በተለይም በኋለኞቹ ሁለቱ ዘመናት፣ ስሚዝ፣ ጆንስቶን፣ ሪሊ፣ ተርንቡልና ኦርመንድ የተሰለፉበት የፊት መስመር ኅብሩ ያማረ ነበር፤ አምስቱም እያንዳንዳቸው ለሂበርኒያን በሊግ ከ100 በላይ ግብ አግብተዋል። በ1956ም ቡድኑ በመጀመሪያው የአውሮፓ ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በፈረንሳዩ ሬምስ ተሸነፈ።

ይሁን እንጂ የሂስ ሚዛን የሚፈተነው ከ1959 ወዲህ ባለው ዘመን ነው። ሂበርኒያን፣ ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳውን የ35 ዓመት ተጫዋች ዘመኑ አልፏል ብሎ ያለ ዋጋ ሲያሰናብተው፣ እርሱ ወደ ሃርትስ ተሻግሮ በ1960፣ ቀጥሎም ወደ ዳንዲ ሄዶ በቦብ ሻንክሊ አሠልጣኝነት በ1962 የሻምፒዮንነትን አክሊል ተቀዳጀ፤ በማግስቱም ዓመት ከዳንዲ ጋር ዳግመኛ ለአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በቅቶ፣ በኋላ ዋንጫውን በወሰደው በሚላን ተረታ።

ሃርትስ ያለ እርሱም በ1958 ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፣ ዳንዲም አለን ጊልዚንን የመሰለ ግብ አግቢ ነበረው የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ ነገሩ እውነት ነውና ዋንጫዎቹን ለስሚዝ ብቻ መስጠት አይገባም። ነገር ግን ይኸው ክርክር ራሱ የሚያስረዳው፣ አሠራራቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሦስት ቡድኖች ለአንድ ሰው ቦታ ማግኘታቸውን፣ የእርሱም ጥበብ በአራቱ ባልንጀሮቹ ላይ ብቻ የተደገፈ አለመሆኑን ነው፤ ሩጫው ከዕድሜ ጋር ሲደክም፣ ማስተዋሉና የኳስ አቀባበሉ የጉልበትን ጉድለት ሞልተውለታልና።

ከ1948 እስከ 1962 ከተቆጠሩት 15 ሻምፒዮናዎች ሰባቱን የወሰዱት የምሥራቁ ጠረፍ ቡድኖች፣ ሂበርኒያን፣ ሃርትስ፣ አበርዲንና ዳንዲ ናቸው፤ ከሰባቱም በአምስቱ ስሚዝ አለበት። ስለዚህ ያን ዘመን የግላስጎ ዘመን ብሎ የሚጽፍ ታሪክ ጸሓፊ፣ ከአኃዙም ከሰውየውም ሕይወት ጋር መጣላቱ ነው።